የቡልቡላው ወፍጮ ባዶውን የዞረ ዕለት

ለማኅበራችን እኅቶች ይድረስ።

ከሄድኩበት በደህና ተመልሻለሁ፤ ያደረሰኝም የመለሰኝም አምላክ ይመስገን። በር ላይ ስታገኙኝ ሁላችሁም የጠየቃችሁኝ ያንኑ ነው፤ አዲስ አበባ እንዴት ናት? ገሚሶቻችሁ እዚሁ ጂቡቲ ተወልዳችሁ አገሩን በወሬ ብቻ የምታውቁ ናችሁ። የቀራችሁትም ሥራው፣ ልጁ፣ ወረቀቱ አላላውስ ብሏችሁ እንደማትሄዱ ለራሳችሁ ነግራችኋል። ስለዚህ ያየሁትን ቀን በቀኑ ጽፌላችኋለሁ።

ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከተማ ለማየት አልሄድኩም። የሄድኩት አንድ ሽማግሌ ፈልጌ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በእሱ ስም የተነገረው ጥፋት የእኔ እንደሆነ ልነግረው ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው በክሊኒኩ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለቃዬ የሆነችው ፈረንሳዊት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ ተጋድመው ስናይ፣ በአያቷ ጊዜ በአገሯ በባሕር ውሃ የሚዞር የእህል ወፍጮ እንደነበረ አጫወተችኝ። የቆመው ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በወንዙ ሽቅብ ይገባል፤ ያን ጊዜ በር ይዘጉበታል። ባሕሩ ሲሸሽ በሩን ይከፍቱና የታሰረው ውሃ ሲወጣ ወፍጮውን ያዞራል። የወፍጮው ጠባቂ የሚተኛውም የሚነሣውም ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጎድልበት ሰዓት ነበር አለችኝ።

እኔም አባቴ በቡልቡላ ወንዝ ላይ የውሃ ወፍጮ ይጠብቅ እንደነበር ነገርኳት። የእኛ ውሃ እንደ ባሕሩ በቀን ሁለቴ አይመጣም፤ በዓመት አንዴ ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል። ምን ሆነ ወፍጮው? አለች። ድንጋዩ ተሰበረ አልኳት። ማን ሰበረው ስትለኝ አንሶላው ላይ አቀርቅሬ አላውቅም አልኩ።

ያን ዕለት ማታ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ "ስግደቱን ትጨርሺዋለሽ። ሰውየው በሕይወት ካለ ግን የሱ ድርሻ በእኔ እጅ የለም፤ ራስሽ ሄደሽ ስጪው።" አሥር ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። ጊዜው የነቢያት ጾም የገባበት ሰሞን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከጂቡቲ ድሬዳዋ

ባቡሩ የተነሣው ገና ሳይነጋ ነው። ፉርጎው በፍየልና በጆንያ ሞልቶ እግር ማሳረፊያ አልነበረም። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ነጋዴ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዷ አራት ቀሚስ ደራርባ ስለለበሰች እጇን ማጠፍ አቅቷታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ድንበሩ ላይ ያለችው ደወሌ ልንደርስ ስንል አንድ ጥቅል ከእግሬ ሥር ገፋችው። ፈታሹ መጥቶ የማን ነው አለኝ። የኔ አይደለም አልኩ። ታዲያ የማን ነው ሲል ዝም አልኩ። ጥቅሉን ይዞት ወረደ። ሴትየዋ ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ትንሽ ቆይታ ከኮዳዋ ውሃ ቀዳችልኝ፤ "ፈርተሽ ነው፤ ጠጪ" አለችኝ። ጾሜ ስለነበር በእጄ ይዤው ቆየሁ። ዝም ማለት በእኔ ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን ያን ጊዜ አሰብኩት።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ እኔም ያሰብኩት እሱኑ ብቻ ስለነበር፣ የሆነውን እዚሁ ላይ ልጻፈው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ዐቃቢት፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን ስንዴ ለቅማ ፈጭታ የምታዘጋጀው አሮጊት መነኩሲት፣ ታማ ተኛች። ስንዴውን እንድለቅምላት ለእኔ ሰጠችኝ። መፍጨቱ ግን የሷ ነው፤ የቁርባኑ ኅብስት በሚዘጋጅበት በቤተልሔም ውስጥ፣ በእጅ ወፍጮ። እኔ አዘንኩላት። የአባቴ ወፍጮ እያለ ይህች በሽተኛ ለምን ትንበርከክ አልኩ። የቸገረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ወፍጮው ቀኑን ሙሉ አተርና ገብስ ሲፈጭ ነው የዋለው። ለሥጋ ወደሙ የሚሆን ስንዴ ከሌላ እህል ብናኝ ጋር ሊገናኝ አይገባም። ስለዚህ አባቴ ለሠርክ ጸሎት ሲሄድ ጠብቄ ውሃውን ለቀቅኩና ድንጋዩ ባዶውን እንዲዞር አደረግኩ። የቀረውን ዱቄት ሁሉ አራግፎ እንዲነጻልኝ ነው።

እህል ከሌለ ድንጋይ ድንጋይን ይበላል። የወፍጮ ጠባቂ ልጅ ነኝና አላወቅኩም አልልም፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነው። የሚገታው እህል ስላልነበረ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ይጮህ ጀመር፣ የእሳት ብልጭታ አየሁ፣ የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደንግጬ አንድ እንስራ ውሃ ደፋሁበት። ጭስ ወጣና አንዲት ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው ያለች። ውሃውን ዘጋሁ። ስንዴውን እንደያዝኩት ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው እህል ሲገባ ላይኛው ድንጋይ ለሁለት ተከፈለ። ድንጋዩን ከሦስት ቀን በፊት የወቀረው፣ ማለት በመዶሻ እየነቀሰ ጥርስ ያወጣለት፣ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ነበር። ሁሉም "አጥብቆ መትቶት ነው" አሉ። ሃይማኖቱን አንሥተው ከዚህ የከፋ የተናገሩም ነበሩ፤ አልደግመውም። አባቴ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ አለው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ድሬዳዋ ስንገባ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ያደርኩት አንዲት የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበረች ባልቴት ዘንድ ነው። ግቢዋ ውስጥ የገመድ አልጋ ዘርግታልኝ እሷ መሬት ተኛች፤ ብለምናትም እምቢ አለች። ሙቀቱ ከእኛው ይሻላል፤ ነፋሱም ጨው የለውም።

ሁለተኛው ቀን፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ

በማለዳ ተሳፈርን። አዋሽን ስንሻገር ጸሎቴን ጨረስኩ። ከናዝሬት ወዲህ ብርዱ ጀመረ። ሞጆ ላይ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ አየሁና ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኛ ጂቡቲ ዱቄት የምናውቀው ከመርከብ በጆንያ ሲወርድ ነው። እህል መሬት ላይ ቆሞ ካየሁ ስንት ዘመኔ።

ለገሃር ስንደርስ መሽቷል። ወንድሜ ግርማ የሚስቱን ጋቢ በክንዱ ይዞ ይጠብቀኛል። የጂቡቲ ሻሽ ለኅዳር ብርድ ምንም እንዳይደለ አውቆ ነው። ግርማ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ቤቱ ገርጂ ነው። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፤ እነሱ ግን ጨዋታቸውን አያቋርጡም፤ አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ይጠፋል፣ ሲያልፍ ከመካከሉ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ቀን፤ ገርጂና ቡልቡላ

እሑድ ነበር። ቅዳሴ ካስቀደስኩ በኋላ የአባታችን መቃብር ላይ ጸለይኩ። ከዚያ ለግርማ ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። እስከዚያች ቀን ድረስ አያውቅም ነበር። እስክጨርስ ሰማኝ።

"እትዬ፣ ይኼን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የመጣሽው?"

"ለዚህ ነው።"

"አባታችን በሰው ፊት ነው ያባረረው። አሁን ሰውየው ንጹሕ ነው ካልሽ አባታችን ምን ሊባል ነው? ከመቃብር አውጥተሽ ልትከስሺው ነው?"

ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱ ምን አጠፋ አልኩት። የሚነሣው ስም ግን የሱ ነው አለኝ።  አባቴ ሰው የማይበድል፣ የበዓል ቀን ውሃውን ዘግቶ የሚውል፣ ከደሃ የመፍጫ ድርሻውን የማይወስድ ሰው ነበር። ያን አንድ ሰው የበደለው በእኔ ዝምታ ነው።

ግርማ ሰውየው የት እንዳለ እንደማያውቅ፣ ቢያውቅም እንደማይነግረኝ ተናገረ። ሚስቱ ግን ዕቃ ስታጥብ አጠገቤ መጥታ፣ ከሲኤምሲ ወዲያ አያት የሚባለው ቦታ አዲስ ቤት እየተሠራ እንደሆነ፣ እዚያ ለግንበኞች ምግብ የምትሸጥ ዘይነባ የምትባል ሴት የድሮው ወፍጮ ወቃሪ ልጅ ናት ሲባል መስማቷን በዝግታ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድኩ። አባቴ ይነግረን እንደነበረው ወፍጮውን መጀመሪያ ያሠራው አንድ አርመን ነው፤ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት። ጣሊያን ሲመጣ ለወታደሩ ዱቄት ወሰደበት። አርመኑ ሲሞት የአካባቢው ባለርስት ገዛው፤ አባቴም ተቀጥሮ ገባ። ከገርጂ፣ ከኮተቤ፣ ከየካ ተራራ ሥር ሳይቀር በአህያ እየጫኑ ይመጡ ነበር። ኦሮሞው ገበሬ፣ ጉራጌው ነጋዴ፣ የቄሱ ሚስት፣ ሁሉም በአንድ ተራ ነው የሚቆሙት። አውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራ ገሚሱ መንደር ተነሣ። ድንጋዩ ከተሰበረ በኋላ ሌላ ገብቶለት ጥቂት ዓመት ዞረ። በደርግ ጊዜ ለገበሬ ማኅበሩ ተሰጠ፤ ከዚያ ገርጂ የናፍጣ ወፍጮ ተተከለና ቦዩን የሚጠርግ ጠፋ።

አሁን የቀረው የግንቡ አንድ ጎን ነው። ወንዙም ያ ወንዝ አይደለም፤ ጠቁሯል፣ ፌስታል ይዞ ይወርዳል። እዚያ ጭቃ ላይ የጫማዬ ተረከዝ ተነቀለ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አዩኝና ሳቁ፤ ወዲያው አንዷ የራሷን የላስቲክ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ፣ ሰሞኑን መልሺልኝ ብላ። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። የምታጥብበትን ድንጋይ አየሁት። የላይኛው ድንጋይ ግማሽ ነው። ጀርባው ወደ ላይ፣ ጥርሱ ወደ መሬት ተደፍቷል።

አራተኛው ቀን፤ ወደ አያት

መገናኛ ላይ ተሳስቼ የኮተቤ ውይይት ተሳፈርኩ። ውይይት የሚሏት ትንሿ ሰማያዊ ታክሲ ናት፤ ሰዎች ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ነው የሚቀመጡባት። አንድ ሽማግሌ ስሕተቴን ሲሰሙ አብረውኝ ወርደው ወደ ጉርድ ሾላ የምትሄደውን አሳዩኝ፤ የራሳቸውን መንገድ ትተው። ከሲኤምሲ በኋላ በእግር ነው። ሜዳው ሁሉ ስንዴ ከታጨደበት በኋላ የቀረ ቆረን ነው። በመካከሉ የድንጋይ ክምር፣ የአሸዋ ክምር፣ ጣሪያ ያልደረሰላቸው ቤቶች። ጠራቢዎቹ መደዳውን ተቀምጠው ድንጋይ ይመታሉ። ጂቡቲ ከባሕሩ ድምፅ በቀር ሰውን አብሮት የሚውል ድምፅ የለም፤ እዚያ የሚውለው መዶሻ ነው።

ዘይነባ ትልቅ ሴት ናት፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ድስት ታማስላለች። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳት። ፊቷ ጠቆር አለ፤ ይሁንና ተቀመጪ አለችኝ። አባቷ የዚያ የድንጋይ ክምር ዘበኛ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።

ዘጠኝ ሲሆን ቆጮና በዘይት የተሠራ ጎመን አቀረበችልኝ። ሳመነታ ስታየኝ፣ "ድስቱ ሥጋ አያውቅም፤ ለሚጾሙት ሠራተኞች ለብቻው ያስቀመጥኩት ነው፤ ብዪ" አለች። በላሁ። ያን ምግብ ያህል የከበደኝ ምግብ የለም፤ ምን ይዤ እንደመጣሁ አታውቅምና።

ጋሽ ሸምሱ እየተመረኮዘ መጣ። ዓይኑ ደክሟል። አጠገቤ ተቀምጦ በድምፄ ለየኝ፤ "የወፍጮው ልጅ" አለኝ። አባቴን ጠየቀኝ። ማረፉን ስነግረው እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት። ከዚያ ወዲያ መዘግየት አልቻልኩም። ሁሉንም ከዐቃቢቷ ሕመም ጀምሬ እስከ እንስራው ነገርኩት። ዘይነባ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

አልተቆጣም። እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር።

"ባዶውን ምን ያህል ዞረ?"

"ሁለት ጊዜ ውዳሴ ማርያም የሚያስደግም ያህል።"

"ይኼን እኔ በምን አውቀዋለሁ" አለና ፈገግ አለ። "አንድ ቁና እህል የሚፈጅ ያህል ነው?"

"ይበልጣል።"

"ውሃውን የት ጋ ደፋሽው?"

"ከዓይኑ አጠገብ። እህሉ ከሚገባበት ቀዳዳ።"

 ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር እንደሚዳስሱ ይንቀሳቀሱ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አለ፤

"እኔ ከዓይኑ ርቄ ነው የወቀርኩት፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን ምናልባት አንዴ፣ አንዲት ምት ብቻ፣ ጠበቅ አድርጌ መትቼ ይሆን እያልኩ ሃያ አምስት ዓመት ያቺን ምት ስፈልግ ኖርኩ። ዋሽተውብኛል ብዬ ባምን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔ እኮ አመንኳቸው።"

ዘይነባ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። "አባባ፣ መዶሻ የማትነካው ለዚህ ነው?"

 መልሱ ለእኔ ገባኝ። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲመታ እየሰማ ድንጋይ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲህ በራሱ እጅ አንድም ቀን ድንጋይ አልነካም። የወሰድኩበት ስሙን ብቻ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ሰበሰበው።

"ተነሺ። እግሬ ላይ ምን ታገኛለሽ? ነገ ድንጋዩን አሳዪኝ።"

አምስተኛው ቀን፤ ወንዙ ዳር

በዋዜማው ማታ ለግርማ ነገ ሽማግሌውን ወደ ወንዙ እንደምወስደው ነገርኩት። ሥራ አለኝ ብሎ ተኛ።

ጋሽ ሸምሱንና ዘይነባን ከመገናኛ ተቀብዬ ወረድን። አጣቢዎቹ ሴቶች ነበሩ። ጫማዋን መለስኩላት። ድንጋዩን እንድትለቅልን ስንለምናት፣ "ዓመት ሙሉ ልብስ ያጠብኩበትን ድንጋይ ጫማ መልሰሽ ልትወስጂብኝ ነው?" አለችኝ። ለሽማግሌው ነው ስላት ግን ልብሱን አነሣችና ጓደኞቿን ጠራች። ለአምስት ሴት አልነቃነቅ አለ። ዘይነባ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገባችበት፤ አሁንም አልሆነም።

ከበላያችን ከቁልቁለቱ ግርማ በሥራ ልብሱ ወረደ። አንድ አጣና ከድንጋዩ ሥር አስገባና ገፋው። ድንጋዩ ተገለበጠ።

ጥርሱ እንዳለ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ወደ መሬት ተደፍቶ ስለኖረ የነካው ነገር የለም። ግርማ በእጁ ጭቃውን ጠረገለት። ጋሽ ሸምሱ ተንበርክኮ ከዳር ጀምሮ መስመሩን በጣቱ ይከተል ጀመር፤ አንዱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው፤ አንዱንም አልዘለለም። ወደ ዓይኑ ሲጠጋ ቆም አለ። እዚያ ጋ ድንጋዩ እንደ መስታወት ለስልሶ ጠቁሯል፤ ስንጥቁ የሚነሣውም ከዚያ ነው። የራሱ መስመር ከዚያ አንድ ስንዝር ርቆ ያልቃል። ያን አንድ ስንዝር ደጋግሞ ለካው።

በላያችን አውሮፕላን አለፈ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ አልሰማሁትም። ድምፁ ሲርቅ ደገመው።

"ልክ ነበር።"

  ግርማ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጥቶ ከፊቱ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሰባሪው ሸምሱ የሚለውን ስም ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ።"

"አንተ ነህ እንዴ?" አለ ጋሽ ሸምሱ። "ጎበዝ ነህ። እስከ ጉርድ ሾላ ተከትሎኛል።"

ዘይነባ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ግርማ አቀርቅሮ፣ አባታችን ቢሰማ ኖሮ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅዎ ነበር አለ። ጋሽ ሸምሱ አውቃለሁ አለው። "አባትህ ያየውን ነው የፈረደው። ያላየውን የሚነግረው አልነበረም።" ይህን ሲል ወደ እኔ አልዞረም። ባይዞርም ለእኔ ነው።

ሽቅብ ስንወጣ ክንዴን ይዞ ጠየቀኝ።

"ያን ጊዜ ወፍጮው ደጅ ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ተበትኗል። ማንን ትነግሪልኛለሽ?"

እዚህ ያላችሁትን ነገርኩት። ጂቡቲ አንድ ማኅበር አለን፣ በወር አንዴ እንገናኛለን አልኩት።

"እኔን ያውቁኛል?"

"አያውቁዎትም።"

ጥቂት አሰበ። "ይሁን። የማያውቁኝም ይስሙት" አለ።

ስድስተኛው ቀን፤ ስንብት

ባቡሩ በማግስቱ ስለነበር ልሰናበተው እንደገና ወደ አያት ሄድኩ። ግርማ አብሮኝ መጣ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ አባታችን አላነሣም። ከዘይነባ ዳስ ኋላ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። የጠራቢዎቹ ግን አይደለም፤ እነሱ አጥብቀው ነው የሚመቱት፣ ይህ ቀስ ያለ፣ እኩል የሚረግጥ ነው። ይህን ድምፅ በልጅነቴ ከምኝታዬ ሆኜ እሰማው ነበር።

ዘይነባ የበርበሬ መፍጫ ድንጋይዋን ከፊቱ አስቀምጣለታለች። ዓይኑን ጨፍኖ በግራ እጁ እየዳሰሰ በቀኙ ይወቅራል። አጠገቡ የጎረቤት ሴቶች ያመጧቸው ሦስት ሌሎች ድንጋዮች ተራ ይጠብቃሉ። ዘይነባ በጆሮዬ፣ ከንጋት ጀምሮ አልተነሣም አለችኝ።

ድምፄን ሲሰማ መዶሻውን አላቆመም።

"ባቡርሽ መቼ ነው?"

"ነገ ጠዋት።"

ይቅር በሉኝ አልኩት። ከመጣሁ ጀምሮ ቃሉን በአፌ ያወጣሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ምት መታና እንዲህ አለ፤

"ዋሽቼ አልሸኝሽም። ይቅር ለማለት አፌ ገና አልደረሰም። ሲደርስ ዘይነባ ትጽፍልሻለች።" ቀጥሎም፣ "ወደዚያ ራቅ በይ፣ አቧራው ዓይንሽ ይገባል።"

ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ አየሁት። ከጨረሰ በኋላ በድንጋዩ ላይ እፍ ብሎ አቧራውን አበነነና ለልጁ ሰጣት፤ መጀመሪያ የሚፈጨው አሸዋ ይኖረዋልና ድፊው አላት። የሚቀጥለውን ድንጋይ ወደ ጭኑ ሳበ።

መመለሻው እንደ መሄጃው ነው፤ ያው ባቡር፣ ያው ፍተሻ፣ ያቺው ባልቴት። ጂቡቲ ስደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። አለቃዬ አንሶላ እያጠፍን ሳለ ጉዞው እንዴት ነበር አለችኝ። ድንጋዩን የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳት። የያዘችውን አጥፋ ጨረሰችና የሚቀጥለውን አንሶላ ጫፍ አቀበለችኝ።

ከዘይነባ ደብዳቤ እስካሁን አልመጣም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ጠብቂ አሉኝ። እጠብቃለሁ። እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ በማኅበራችን ዕለት፣ ሁላችሁም በተሰበሰባችሁበት፣ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እኔም ከመካከላችሁ እቀመጣለሁ፤ አልወጣም። ሰውየው ሸምሱ ይባላል፤ ድንጋይ ወቃሪ ነው። የቡልቡላን ወፍጮ አልሰበረም።